መዝጋትና መክፈት፦ ከመንዝ ጓሳ እስከ ዓለም ባሕሮች

ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም። ከዘመሮም ይነሱ ከራቤል፣ ከመሐል ሜዳም ይነሱ ከዓለም ከተማ፣ የባሕር ውሃ ለማየት ደጋውን ወርዶ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ የአገር ድንበር መሻገር ግድ ነው። የባሕርና የባሕር ዳርቻ ሀብትን ሳያሟጥጡ ስለመጠቀም ዓለም ዛሬ የሚከራከርበትን ዋና ጥያቄ ግን የመንዝ ገበሬ ከብዙ ትውልድ በፊት ያውቀዋል። ጥያቄው አጭር ነው። ሁሉም የሚፈልገውን፣ አንዱ ብቻውን ሊያጥረው የማይችለውን ሀብት ማን ይዝጋው? ማንስ ይክፈተው? ዓሣ አጥማጁ ጥያቄውን ለመረቡ ሲጠይቅ፣ መንዜው ለማጭዱ ጠይቆታል። የሰጠው መልስም ጓሳ ይባላል።

ይህ ቅኝት ከዚያ ሜዳ ይነሳል፤ ውሃውን ተከትሎ እስከ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፤ ከሩቅ ደሴቶች ልምድ ጋር አስተያይቶ ወደ ራሳችን ሐይቅና ወደ ራሳችን ሕግ ይመለሳል።

ከአንድ ጋራ ሁለት መንገድ

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ውርጫም ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው ከሚያበቅለው ጠንካራ ሣር ነው። ከሣሩ ጋር ጅብራ፣ አስታና ለማገዶ የሚፈለገው ጨረንፊ የተባለው ቁጥቋጦ ይበቅላሉ። ሜዳው በዝናብ ወራት ውሃውን ጠጥቶ ይይዛል፤ በበጋ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀዋል።

ሜዳው የሚገኘው ውሃ በሚከፈልበት ጋራ ጫፍ ላይ ነው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ጅረት የመንዝን ጥልቅ ሸለቆዎች አልፎ፣ መርሐቤቴን ከሚከብቡት ከወንጭትና ከጀማ ጋር ተቀላቅሎ ዓባይ ይገባል። ከዚያ በሱዳንና በግብፅ በኩል እስከ ሜዲትራንያን ይዘልቃል። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ደግሞ በይፋት ቆላ አድርጎ ወደ አዋሽ ያመራል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በጂቡቲ ወሰን፣ አቤ በሚባለው ጨዋማ ሐይቅ ያበቃል። በዚህ ጋራ ላይ ሣር የሚያጭድም ሆነ አፈር የሚገለብጥ ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ በሁለት የውሃ መንገዶች ላይ እጁን ያሳርፋል።

ደጋው ከባሕር ዳርቻ ጋር ያለው ግንኙነት የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በቶን ተመዝኗል። የዓባይ ጎርፍ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ የሚያወርደው ደለል ለሺህ ዓመታት የግብፅን እርሻ ከመመገቡም በላይ፣ በዴልታው አፍ ባሕሩን ያዳብር ነበር። በክረምት መጨረሻ ጎርፉ ባሕር ሲገባ፣ ዓይን የማያያቸው የባሕር ዕፅዋት ይፈላሉ፤ እነሱን የሚመገበው ሰርዲን በመንጋ ወደ ዳርቻው ይመጣል፤ የግብፅ ዓሣ አጥማጆችም መረባቸውን ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያ ዳርቻ የተያዘው ሰርዲን ወደ 18,000 ቶን ይጠጋ ነበር። የአስዋን ታላቁ ግድብ ጎርፉን ከያዘ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ መጠኑ ወደ 500 ቶን አካባቢ ወረደ። ምርቱ ከ1980ዎቹ ወዲህ በከፊል ቢያገግምም፣ ያገገመው በአብዛኛው ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተማ ፍሳሽ በሚገኝ ምግብ ነው። የደጋው አፈር ይሠራው የነበረውን ሥራ የከተማ ቆሻሻ ተረከበው ማለት ነው።

አፈሩ ወደ ታች መውረዱ ግን ለላይኛው ሰው በረከት ሆኖ አያውቅም። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና ብዙ በማይርቀው አንዲት ጥድ፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአፈር መሸርሸርን የሚለካ የምርምር ጣቢያ ሲሠራ ቆይቷል። እንደዚህ ካሉ ጣቢያዎች የተሰበሰበውን መረጃ ይዘው ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊዘርላንድ ተመራማሪ፣ የኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ገምተዋል። በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ መሬት የሚያጣው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጓሳን ከማረሻ የጠበቀ ሥርዓት የአፈርና የውሃ ጠባቂም ነበር። የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ከወንዝ ራስ ይጀምራል የሚለው አነጋገር እዚህ ሥጋ ለብሶ ይታያል።

የአቅኚ አባቶች ሥርዓት

መንዝ በሦስት ምድር ይጠራል፦ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ የአማራን ገበሬ ሕይወት ካጠኑባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው አገር ነበር። የሸዋ ነገሥታት ሐረግም ከመንዝ ይነሳል፤ ነጋሢ ክርስቶስ ግዛታቸውን የጀመሩት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዚሁ ደጋ ነው።

የጓሳ ጥበቃ ጅማሬም ወደዚያው መቶ ዓመት ይወሰዳል። በአፈ ታሪኩ አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች አገሩን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉ ይባላል፤ ጓሳን ግን ለከብታቸው ግጦሽ፣ ለቤታቸው ክዳን ብለው ከእርሻ ውጭ አቆዩት። ዝርዝሩ የትረካ ነው፤ ሥርዓቱ ግን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በሕይወት የነበረ፣ ተመራማሪዎችም ከሽማግሌዎች አፍ የመዘገቡት እውነት ነው። ስሙ ቀሮ ነው።

ቀሮ በአጽመ ርስት ላይ ቆሞ ነበር። በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ዘሩን ከአቅኚው አባት የሚቆጥር ሰው በጓሳ ላይ የመጠቀም መብት ነበረው። ተጠቃሚዎቹ በአስቦ ወገንና በጌራ ወገን ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ወገን አፈሮ የሚባል አለቃ በጉባኤ ይመርጣል። የአፈሮው ሥራ ሣሩን ማየት ነው፦ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ሕዝቡስ ምን ያህል ተቸግሯል? በዚህ ፍርድ ጓሳ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። በተዘጋበት ዘመን ማጭድም ከብትም አይገባም። ጥበቃው የሁሉም ግዴታ ነው፤ ጉልበት ያለው ወንድ ተራው ሲደርስ ይወጣል። ሕግ የጣሰ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት ከባድ ነበር።

ጓሳ የሚከፈተው የበጋው ድርቀት ሲጠና፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው። ሁለቱ አፈሮዎች ቀኑን ይቆርጣሉ፤ ወሬው በየአጥቢያው ይዳረሳል፤ በቀኑ ሕዝቡ ማጭዱን፣ ጭነት እንስሳውንና ከብቱን ይዞ ይወጣል። የሚዘጋው ደግሞ በሐምሌ አቦ፣ በሐምሌ 5 ቀን ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ሣሩ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ሲል፣ ሁሉም ለቆ ይወርዳል። ቀኑ በዓል በመሆኑ አላውቅም ነበር የሚል አይኖርም፤ ጥበቃውም ከሰው ዓይን አልፎ የፈሪሃ እግዚአብሔር ጉዳይ ይሆናል።

ያ ሣር ለመንዝ ምን እንደነበር ያላየ ሰው የሥርዓቱን ጥብቅነት ላይረዳው ይችላል። በቁሩ አገር የቤቱ ክዳን ጓሳ ነው። የጭነቱ ገመድ፣ የመኝታው ጉዝጓዝ፣ እረኛው በዝናብ የሚደርበው ገሳ ከእሱ ይወጣል። በጉ ግጦሹን የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ከበጉ ጠጉር ባናና በርኖስ ይሸመናል፤ በርኖሱ ገበያ ወጥቶ እህል ይገዛል። በልግ ሲከዳ፣ ገብስን ውርጭ ሲመታው ደግሞ፣ ጓሳ ለክፉ ቀን እንደተዘጋ ጎተራ ይቆጠር ነበር። ገበሬው የሚጠብቀው «ተፈጥሮን» ሳይሆን የነገ ክዳኑንና የነገ በጉን ነበር። ሥርዓቱ ዘመን የተሻገረውም ለዚህ ነው።

ጥበቃና ፍትሕ ሲጋጩ

ቀሮን እንደ ገነት ዘመን ማውራት ግን ታሪኩን ማጉደል ነው። መብቱ በዘር የሚቆጠር በመሆኑ፣ ከአቅኚው አባት የማይወለድ ሰው፣ መጤውና ባለ እጅ ሁሉ፣ ከአጥሩ ውጭ ነበር። ሥርዓቱ ሣሩን የጠበቀው በአንድ በኩል ጥበበኛ ስለነበር፣ በሌላ በኩል ደግሞ ብዙ ሰው ስላላስገባ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቀሮንም መሠረት አብሮ ናደው። ከውጭ ለነበረው ሰው ይህ ፍትሕ ነበር፤ በአባቱ ስም የማይገባበት ሜዳ በዜግነቱ ተከፈተለት። ለሣሩ ግን ጊዜው ክፉ ሆነ። አፈሮው ሥልጣኑን አጣ፤ አዲሱ የገበሬ ማኅበር ሥልጣኑን ቢወርስም ለትውልድ የተጠራቀመውን እምነት አልወረሰም። የመዝጊያው ቀን ተረሳ፤ ማጭድ ዓመት ሙሉ ገባ፤ ማረሻም ከዳር ከዳር ቀረበ። ያልተጠበቀ የጋራ ሀብት ባለቤት የሌለው ሀብት እንደሚሆን መንዝ በገዛ ዓይኑ አየ።

ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከቀሮ መፍረስ በኋላ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ሽማግሌዎችን፣ ካህናትንና የቀበሌ መሪዎችን ያካተተ ኮሚቴ አቋቁመው፣ በመተዳደሪያ ደንብ ጓሳን መዝጋትና መክፈት ቀጠሉ። አዲሱ ሥርዓት ከቀሮ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል፤ አባልነቱ በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። የቆየው ብልሃት፣ ማለት መዝጋት፣ በተራ መጠበቅና መቅጣት፣ ከአዲሱ እኩልነት ጋር ታረቀ። በዚህ ቅኝት ውስጥ ካሉት ታሪኮች ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ባሕሩን የዘጉ ሕዝቦች

የመንዝ ብልሃት በሩቅ ባሕሮች ወንድሞች አሉት። በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ አለቆችና ሽማግሌዎች የኮራል ዳርቻን አንዱን ክፍል ለወራት ወይም ለዓመታት ዘግተው ዓሣው ሲበዛ ይከፍቱት ነበር። በሃዋይ ይህ ክልከላ ካፑ፣ በፓላው ቡል ይባላል። ሮበርት ጆሃንስ የተባሉት የባሕር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 የፓላው ዓሣ አጥማጆችን ዕውቀት በመጽሐፍ ሲያወጡ፣ ሽማግሌዎቹ የዓሣውን የመራቢያ ቀን ከጨረቃ ጋር አዛምደው እንደሚያውቁት አሳይተዋል። ፓላው በኋላ ይህንን ልማድ ወደ ዘመናዊ ሕግ አሳደገችው፤ በ2015 የወጣው ሕግ ከ2020 ጀምሮ የአገሪቱን የባሕር ክልል 80 በመቶ ለኢንዱስትሪያዊ ዓሣ ማጥመድ ዘጋው። ጃፓንም ከኤዶ ዘመን ጀምሮ ከመንደር ፊት ያለ ባሕር የመንደሩ ነው የሚለውን ልማድ ይዛ፣ በ1949 ሕጓ የዳርቻ ማጥመድ መብትን ለዓሣ አጥማጆች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሰጠች።

መዝጋት ያልቻለው ወገን ዕጣም ተመዝግቧል። ከካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከኒውፋውንድላንድ ፊት ለፊት፣ ኮድ የሚባለው ዓሣ አምስት መቶ ዓመት ሰው መግቧል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ዓሣውን ይዘው እዚያው የሚያቀዘቅዙ ግዙፍ መርከቦች ከሩቅ አገር መጡ፤ በ1968 ከዚያ ውሃ የወጣው ኮድ 800,000 ቶን ደረሰ። ከዚያ ቁልቁል ሆነ። ካናዳ የባሕር ክልሏን ብታሰፋም የራሷ መርከቦች ማጥመዱን ቀጠሉ፤ ሳይንቲስቶች የቀረውን ዓሣ አብዝተው ገመቱ፤ ፖለቲከኞችም ምርጫቸውን አሰቡ። ሐምሌ 2 ቀን 1992 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ማጥመዱን ሲያግድ ወደ 30,000 ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ አጣ። እገዳው የተነሳው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ በትንሽ ኮታ ነው። መንዝ በየጥቂት ዓመቱ በፈቃዱ ይዘጋ የነበረውን፣ ካናዳ አንድ ጊዜ ተገዳ ለአንድ ትውልድ ዘጋችው።

ሊቃውንቱም በዚሁ ላይ ተከራክረዋል። ካናዳዊው ስኮት ጎርደን በ1954 የዓሣ ሀብትን ይዘው፣ የሁሉም የሆነ ሀብት የማንም አይደለም የሚለውን መከራከሪያ በኢኮኖሚክስ ቋንቋ አቀረቡ። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን በ1968 የግጦሽ መሬትን ምሳሌ አድርገው፣ እያንዳንዱ እረኛ አንድ በሬ እየጨመረ የጋራውን ሜዳ ያጠፋዋል አሉ፤ መፍትሔው ወይ መንግሥት መውረስ ወይ ለግለሰብ ማካፈል ነው የሚለው ሐሳብም ተስፋፋ። ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት በዚሁ አስተሳሰብ የሕዝብን ግጦሽ ወርሰዋል።

ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ሌላ መንገድ አሳዩ። ከስዊዘርላንድ ግጦሽ እስከ ቱርክ የዓሣ መንደር፣ ሕዝቦች ያለ መንግሥት ውርስና ያለ ግል ክፍፍል ሀብታቸውን ለዘመናት እንደጠበቁ በማስረጃ አቀረቡ፤ በ2009ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የዘለቁት ሥርዓቶች በጋራ አሏቸው ያሏቸው ነገሮች ለመንዝ ሰው አዲስ አይሆኑበትም፦ የታወቀ ወሰን፣ የታወቀ አባል፣ ከቦታው ጋር የሚስማማ ደንብ፣ በአባላቱ የሚሾም ጠባቂ፣ ከጥፋቱ ጋር የሚመጣጠን ቅጣት፣ ቅርብ ዳኝነት፣ በመጨረሻም የመንግሥት እውቅና። ቀሮ የመጀመሪያዎቹን ይዞ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የጎደለው የመጨረሻው ነው።

ከዚህ በኋላ ባሕሩ ራሱ ወደ መንዝ መንገድ መጣ ማለት ይቻላል። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር፣ አንዳቫዱአካ በተባለ መንደር፣ ኦክቶፐስ የሚያጠምዱ የቬዞ ሕዝቦች በ2004 ብሉ ቬንቸርስ ከተባለ ድርጅት ጋር ተስማምተው አንዱን የኮራል ክፍል ለሰባት ወር ዘጉት። ኦክቶፐስ ቶሎ ያድጋል፤ ሲከፈት የተያዘው በቁጥርም በክብደትም በልጦ ተገኘ። ጎረቤት መንደሮች አይተው ተከተሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብዙ መንደሮችን የያዘ ቬሎንድሪያኬ የተባለ በአካባቢው ሕዝብ የሚተዳደር የባሕር ክልል ተቋቋመ። ወሳኙ ነገር የተገኘው ትርፍ ብቻ አልነበረም፤ የዘጋው እጅና የከፈተው እጅ የራሱ የአጥማጁ መሆኑ ነበር።

የዓለሙ ሁኔታ ግን አሁንም አያኩራራም። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ቆጠራ፣ ከመጠን በላይ የተጠመዱ የባሕር ዓሣ ክምችቶች በ1974 10 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2021 37.7 በመቶ ደርሰዋል። በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) በሞንትሪያል የተሰበሰቡ አገሮች፣ እስከ 2030 ድረስ ከምድሪቱ የብስም ከባሕርም 30 በመቶውን ለመጠበቅ ቃል ገብተዋል። በዚያ ስምምነት በመንግሥት ፓርክነት ያልተከለሉ፣ ነገር ግን ሕዝብ በራሱ ሥርዓት የሚጠብቃቸው ቦታዎች የሚቆጠሩበት በር አለ። ጓሳን የመሰለ ሜዳ እንዲህ ባለ ስምምነት ፊት ኋላ ቀር ሆኖ የሚታይ ነገር አይደለም፤ አርአያ ነው።

የራሳችን ውሃ

ኢትዮጵያ ከኤርትራ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለችበት ከ1945 ዓ.ም. እስከ 1985 ዓ.ም. የቀይ ባሕር ዳርቻ ነበራት። ያ ዘመን አልፏል። የዓሣ ጥያቄያችን የሚጠብቀን በሐይቆቻችን ላይ ነው፤ ከሁሉም በፊት በጣና።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ያልበለጠ ሐይቅ ነው። ለዘመናት ያጠመዱበት በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ወይጦዎች ነበሩ፤ ታንኳው ከዳርቻ ብዙ ስለማይርቅ መሣሪያው ራሱ ገደብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1986 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በሆላንድ ግብረ ሠናይ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገቡ። ዓላማው ድሃውን መርዳት ነበር፤ ዓሣም ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ገበያ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከኒውፋውንድላንድ ጋር ይመሳሰላል።

በጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተከፋፍለው የተገኙ ትልልቅ የካርፕ ዘመዶች በመሆናቸው የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ያደንቋቸዋል። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁም ይህን ያውቃል፤ መረቡን በወንዙ አፍ ይዘረጋል፤ በእንቁላል የከበደው ዓሣ በመንጋ ይያዛል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ሲለኩ የእነዚህ ዓሦች መጠን ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም መጣ። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን የባዮስፌር ክልል አድርጎ መዘገበው፤ ምዝገባ ግን ብቻውን የወንዝ አፍ አይዘጋም።

ሕጉ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈውታል። ፈቃድና ቁጥጥር ይደነግጋል፤ የሚጎዱ የማጥመጃ ዘዴዎችን ይከለክላል። የጎደለው አፈሮ ነው። በሐምሌ አቦ ሰሞን ጓሳ ሲዘጋ፣ በዚያው ወር የጉማራ አፍ ሊዘጋ ይገባው ነበር፤ ቀኑም ዓሣውም ይስማማሉ። ልዩነቱ፣ ጓሳን የሚዘጋው ሣሩን ሊያጭድ የሚመለሰው ሰው ነው፤ የጉማራን አፍ ሊዘጋ የተሾመው ግን ደመወዙ ከዓሣው መኖርና መጥፋት ጋር የማይገናኝ ተቆጣጣሪ ነው። አጥማጁም ዛሬ ብተወው ጎረቤቴ ይወስደዋል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ጎረቤቱ እንዳይወስድ የሚያደርግ ሥልጣን በእጁ የለማ።

ጓሳ ዛሬ

በጓሳ ግን ሥልጣኑ ተመልሷል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ቦታው በአማራ ክልል ሕግ የማኅበረሰብ ጥበቃ ክልል ሆኖ እውቅና አግኝቷል። የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከቀበሌዎቹ የተመረጡ ጠባቂዎች ሜዳውን ይቃኛሉ፤ ለእንግዳ የሚሆን የማኅበረሰቡ ማረፊያ ተሠርቷል። በዓለም ላይ ከ500 ያልበለጡት የቀይ ቀበሮ ጥቂት ቤተሰቦች እዚህ ይኖራሉ። ጭላዳው በመቶዎች ተሰብስቦ ሣር ይነጫል። ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንዊን የተባሉት ተመራማሪዎች ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጓሳን ጭላዳ እየተከታተሉ ሲሆን፣ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አስደናቂ ነገር አሳይቷል፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን 25 በመቶ ብቻ። ግልገል ጭላዳም በአብዛኛው አይነካም። ለክዳንና ለግጦሽ ተብሎ የተዘጋ ሣር፣ ማንም ያላቀደውን እንዲህ ያለ ጉርብትና አቆየ።

የጋራ ሥራ ልማዱ ከጓሳም አልፏል። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመንዝ መንደሮች፣ ከደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር፣ ገበሬዎች አውራ በግ በጋራ እየመረጡ የመንዝ በግን የሚያሻሽሉበት ፕሮግራም ተጀምሯል፤ ለሌሎች አገሮችም ምሳሌ ሆኗል። አንድ ቤት ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን መንደር እንደሚያደርገው ይህ ሁለተኛ ማስረጃ ነው።

አደጋው ግን አልጠፋም። የሕዝብ ቁጥር ጨምሯል፤ የእርሻ መሬት ጠቧል፤ መሬት የሌለው ወጣት በዝቷል። የቆርቆሮ ክዳን በተስፋፋ ቁጥር ሣሩ ለቤት ያለው ዋጋ ይቀንሳል፤ ዋጋው የቀነሰ ሣርን የሚጠብቅ ተራም አብሮ ይላላል። ሰላም ሲታጣ ጎብኚ ይቀራል፤ ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብም ይደርቃል። ጓሳ እስከ ዛሬ የዘለቀው ለሚጠብቀው ሰው ስለጠቀመ ነው፤ ነገም የሚዘልቀው ከጠቀመ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። የሣር ሜዳም ይሁን የዓሣ ውሃ፣ የጋራ ሀብት የሚዘልቀው የሚጠቀምበት ሰው ራሱ የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን ሲኖረው፣ አባልነቱ ማንንም በዘሩ የማያገልል ሲሆን፣ መንግሥትም ያንን ሥልጣን በሕግ ሲያጸናለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን 1967 ዓ.ም. በጓሳ፣ 1992 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ፣ ያለፉት አሥርት ዓመታት ደግሞ በጣና አሳይተውናል። ስለዚህ የዓሣ ሕግ የሚያረቁ ሰዎች ከባሕር ማዶ ከመማራቸው በፊት መንዝ ይውጡ፤ ለጉማራ፣ ለርብና ለመገጭ አጥማጆችም የየራሳቸውን አፈሮ እንዲመርጡ፣ የወንዙን አፍ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንዲዘጉ በሕግ ሥልጣን ይስጧቸው።